ለጥር ሠርግ ሙሉ ልብስ፣ ለቢሮ ደግሞ አንድ ኮት፦ ሰፊው ጋ ከመሄዴ በፊት ምን ምን ልወስን?

ጮቄ ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ሠርግ አለብኝ፤ ሠርጉ ደብረ ማርቆስ፣ መልሱ ባሕር ዳር ነው። ሁለት ልብስ ላሰፋ አስቤያለሁ። አንደኛው ለሠርጉ የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ቢሮ ከተለያየ ሱሪ ጋር የምለብሰው ነጠላ ኮት ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 70 ኪሎ፣ የደረቴ ዙሪያ 96 ሴንቲ ነው። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ይላል።

ሰፊው ጨርቁን ገዝቼ፣ የወደድሁትን ፎቶ ይዤ እንድመጣ ነግሮኛል። ፎቶ ግን ልክ አይናገርም። ላፔሉ፣ ማለትም ከኮሌታው ወደ ደረት የሚታጠፈው፣ ስንት ሴንቲ ይስፋ? ቁልፉ ሁለት ይሁን ሦስት? የኋላው ስንጥቅ አንድ ይሻላል ሁለት? የኪሱ ክዳን፣ የእጅጌው ቁልፍ፣ ገበሩስ? ጨርቁስ ስንት ሜትር ይበቃል? ሙያውን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

መርፌ በእጅ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፤ የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ።

ወደ ላፔልና ወደ ቁልፍ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ልብስ ከተሰፋ በኋላ የሚስተካከልም የማይስተካከልም አለው። ቁልፍ ይቀየራል፣ ሱሪ ያጥራል፣ ወገብ ይጠባል። ትከሻው፣ የብብቱ ከፍታ፣ የመዝጊያው ቁልፍ ቦታና የኮቱ ርዝመት ግን ጨርቁ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ አይመለሱም ማለት ይቻላል። ከሰፊው ጋር የምትነጋገርበትን ጊዜ አብዛኛውን ለእነዚህ ስጣቸው።

የትከሻው ስፌት ማለቅ ያለበት የትከሻህ አጥንት በሚያልቅበት ነው። ግማሽ ሴንቲ ቢያልፍ አይጎዳም። ሁለት ሴንቲ ካለፈ ከስፌቱ ሥር እጅጌው ይጎደጉዳል፤ ከጠበበ ደግሞ ክንድህ እጅጌውን ከውስጥ ገፍቶ ያሳብጠዋል። ትከሻው ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ ቀጭን አስደርገው፤ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ይበቃል። ብዙ ሰፊዎች ወፍራሙን የሚወዱት የቅድ ጉድለትን ስለሚሸፍንላቸው ነው። እኛ አገር ደግሞ ኮት ላይ ጋቢ ወይም ኩታ ይደረባል፤ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ትከሻ ጋቢውን ወደ ውጭ እያንሸራተተ ያስቸግርሃል።

የቀኝ ትከሻህ ልዩነት ይለካ። 1 ሴንቲ ያህል ከሆነ ግማሹ በቅድ፣ ግማሹ በስፖንጅ ይስተካከል። በቅድ ማለት የዚያን ጎን የትከሻ ስፌት ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ነው። ሁሉም በስፖንጅ ከተሞላ ያ ጎን ይደነድናል። ጭራሽ ካልተነካ ከቀኝ ብብትህ ሥር ወደ ጀርባ የሚወርድ ሰያፍ ሽብሽብ ታያለህ፤ እሱን ካውያ አያጠፋውም።

ብብቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰፊ የእጅጌ መግቢያ የሚመች ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። መግቢያው ዝቅ ካለ ክንድህን ባነሣህ ቁጥር የኮቱ ጎን አብሮ ይሳባል፣ ትከሻው ወደ ጆሮህ ይወጣል። ከብብትህ ሥር 2 ሴንቲ ያህል ብቻ ወርዶ ከተቆረጠ ግን ክንዱ ይንቀሳቀሳል፣ ኮቱ ባለበት ይቀራል። ጎጃም ለሚያገባ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሙሽራው እስክስታ ሳይመታ አይለቀቅም። በሙከራው ቀን ቁልፉን ዘግተህ ሰፊው ፊት እስክስታ ምታ። ኮሌታው ከአንገትህ እየተነሣ ከተመለሰ ወይ ብብቱ ወርዷል፣ ወይ ጀርባው ጠቧል። ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ብብት ከፍ አይልም፤ ጨርቁ የለማ። ከፍ ያለው ግን መውረድ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍ ተደርጎ ይቆረጥ።

ቁልፉ ሁለት ይሁን። የሚዘጋው የላይኛው ብቻ ነው፤ ቦታውም ከእምብርትህ 1 ወይም 2 ሴንቲ ከፍ ብሎ ወገብህ በሚቀጥንበት ላይ ነው። የታችኛው ከእሱ ከ10 እስከ 11 ሴንቲ ወርዶ ይቀመጣል፤ አይዘጋም፣ የኮቱ ጫፍ ከዚያ ጀምሮ ክብ ሆኖ ስለሚቆረጥ ብትዘጋው ጎኑን ይጎትተዋል። የመዝጊያው ቁልፍ ከዚህ ከወረደ ሆድህ ይጎላል፤ በጣም ከወጣ ደግሞ ከቁልፉ ሥር ኮቱ ተከፍቶ ሰደርያውና ክራባቱ ይታያሉ።

የኮቱን ርዝመት ከማጅራትህ አጥንት እስከ መሬት ለክተህ ለሁለት ክፈለው። በአንተ ቁመት ከ73 እስከ 75 ሴንቲ ይመጣል። መቀመጫህን መሸፈን አለበት።

አሁን ላፔል። ባለ 96 ደረት ከ8.5 እስከ 9 ሴንቲ ይበቃዋል፤ የሚለካውም ከእጥፉ መስመር እስከ ሾጣጣው ጫፍ በቀጥታ ነው። ሙሽራ ስለሆንህ ጫፉ ወደ ላይ የሾለውን ዓይነት ብትመርጥ ደስ ይላል፤ ያ ከ9.5 እስከ 10 ይሁን። የሾለው ግን ጥሩ እጅ ይፈልጋል። የላይኛው ጨርቅ ከታችኛው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ተርፎ ካልተሰፋ ጫፉ ወደ ላይ ይገለበጣል። ሰፊው ቀደም ሲል የሠራውን አንድ ኮት እንዲያሳይህ ጠይቀውና ጫፉን በጣትህ ነካ አድርገው፤ ወደ ደረት ተኝቶ ከቀረ እጁ ጥሩ ነው። ላፔሉ እስከ ቁልፉ ድረስ በካውያ ተጨፍልቆ መታጠፍ የለበትም። ከላይ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይተኮስ፣ የቀረው በራሱ ይጠቅለል።

ኪሱ ባለ ክዳን ይሁን፤ የክዳኑ ቁመት 5 ሴንቲ ይበቃል። በሠርጉ ቀን ክዳኑን ወደ ውስጥ ብታስገባው ኪሱ ጠርዙ ብቻ ቀርቶ ይበልጥ የክብር ልብስ ይመስላል። የደረት ኪሱ ጠርዝ ከ2.2 እስከ 2.5 ሴንቲ ከፍታ ይኑረው፣ ወደ ትከሻ በኩል ትንሽ ይነሣ።

ከኋላ ሁለት ስንጥቅ፣ እያንዳንዱ ከ22 እስከ 24 ሴንቲ። እጅህን ሱሪ ኪስ ብትከት መቀመጫህ አይጋለጥም። ቀጥ ብለህ ስትቆም ስንጥቆቹ መዘጋት አለባቸው። አፋቸውን ከከፈቱ ዳሌው ጠቧል ማለት ነውና 2 ሴንቲ ይለቀቅ።

የእጅጌው ቁልፍ አራት ይሁን፤ 15 ሚሊ የሆነው፣ የፊቱ 20 ሚሊ። የመጀመሪያው ከጫፉ 3.5 ሴንቲ ርቆ ይተከል። ቀዳዳው እንዲከፈት ከፈለግህ ሁለቱን ብቻ አስከፍት፣ እሱም የእጅጌው ርዝመት ከጸና በኋላ። ተከፍቶ ካለቀ በኋላ እጅጌው ረዘመ ቢባል ከታች 1 ሴንቲ ብቻ ነው የሚነካው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እጅጌው ከትከሻ ተፈትቶ ይሰፋል። ከሸሚዙ ጫፍ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ይታይ።

የጣና ዳር፦

ጋሼ መርፌ በእጅ ቅዱን ጨርሰውታል። እኔ ስለ ጨርቁና ስለ ውስጡ ልጨምር።

መጀመሪያ የጨርቁን ስፋት ጠይቅ። 150 ሴንቲ ከሆነ ለኮትና ለሱሪ 3 ሜትር ከ20፣ ሰደርያ ሲጨመር 3 ሜትር ከ80 ውሰድ። ለነጠላው ኮት 2 ሜትር በቂ ነው። ገበር ለኮት 2 ሜትር፣ ለሰደርያው ግማሽ ሜትር ጨምር። ጨርቁ ከ150 ከጠበበ ከመቁረጥህ በፊት ሰፊውን አማክር፤ ተመሳሳዩን ጨርቅ ከወር በኋላ ተመልሶ ማግኘት አይታሰብም።

ሱፍ ነው ብለው የሚሸጡት ሁሉ ሱፍ አይደለም። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዝዘህ አቃጥል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ታያለህ፤ ግማሽ በግማሽ የሆነ ቅልቅል ለሠርግ ልብስ ነውር የለውም፣ ዋጋውን እንደ ንጹሕ ሱፍ አትክፈል እንጂ። ከዚያ ጥግ ጥጉን በጡጫህ ለ10 ሰከንድ ጨብጠህ ልቀቀው። ተጨማዶ ከቀረ ሠርጉ ላይ ከምሳ በፊት እንደዚያው ትሆናለህ።

ክብደቱን ከቦታው ጋር አስማማ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው፣ የጥር ጠዋቱን ታውቀዋለህ። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ነው፣ ቀኑም ይሞቃል። ለሁለቱም ቀን የሚለበሰው ሙሉ ልብስ በሜትር ከ260 እስከ 290 ግራም ቢሆን ይስማማል። ለቢሮው ኮት ከ220 እስከ 250 ግራም ሆኖ ሽምኑ ልል የሆነ፣ ወደ ብርሃን ስትይዘው ቀዳዳው የሚታይህን ምረጥ።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይተኮስ፤ ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። በተገላቢጦሹ በኩል እርጥብ አቡጀዴ ጣል አድርጎ በእንፋሎት ማስኬድ፣ ከዚያ ሳይሰቀል ተዘርግቶ ማደር አለበት። ይህ ካልተደረገ ጨርቁ ከተሰፋ በኋላ በመጀመሪያው ካውያ ይሰበሰባል፣ ገበሩ ግን አይሰበሰብም፤ ከዚያ በኋላ ገበሩ ከእጅጌው አፍ ብቅ ይላል።

አሁን ውስጡ። ኮቱ ደረት ላይ ቅርጹን የሚይዘው በማጠንከሪያው ነው። ርካሹ በሙጫ ተለጥፎ የሚቀረው ነው። ሌላው በእጅ ተወስውሶ ከጨርቁ ጋር የሚያያዝ ሸራ ነው። መካከለኛው መንገድ ከትከሻ እስከ ደረት ሸራ፣ ከዚያ በታች ሙጫ ነው፤ ለአንተ ይህን እመክርሃለሁ። ሙጫው ደረት ላይ ውሎ አድሮ የሚያብጠው በካውያ ሲለጠፍ በቂ ሙቀት ስላላገኘ ወይም ስለተንሸራተተ ነው። አብዛኛው ማጠንከሪያ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ፣ ከ12 እስከ 15 ሰከንድ ተጭኖ ይፈልጋል። ካውያው እየተነሣ ይጫን እንጂ አይጎተት፣ ጨርቁም እስኪቀዘቅዝ ከጠረጴዛው አይነሣ። በከሰል ካውያ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው መጠበቅ አለበት። ሸራውም ቢሆን ከመቆረጡ በፊት ውኃ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ግድ ነው።

የተሠራልህ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከላይኛው ቁልፍ በላይ ደረቱ ላይ ውጩን ጨርቅና የውስጡን በሁለት ጣት ቆንጥጠህ ለያያቸው። በመካከል ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ንጣፍ ከተሰማህ ሸራ አለ።

ለሠርጉ ሙሉ ገበር፣ ለቢሮው ግማሽ ገበር። ግማሽ ገበር ሲሆን ውስጡ ያሉት ስፌቶች ስለሚታዩ ጠርዛቸው በቀጭን ጨርቅ ይሸፈን። ቪስኮስ የሆነ ገበር ፈልግ፤ ፖሊስተሩ ጀርባህን ያልበዋል። በጀርባው መካከል ከኮሌታው ጀምሮ 2 ሴንቲ እጥፋት መተዉን አረጋግጥ፤ ያ ከሌለ ገበሩ መጀመሪያ የሚቀደደው ብብት ላይ ነው።

ነጠላው ኮት የሙሉ ልብሱ ወንድም እንዳይመስል ተጠንቀቅ። ለስላሳ ጥቁር ሰማያዊ ኮት በሌላ ሱሪ ሲለበስ ሱሪው የጠፋበት ሰው ያስመስላል። ሽምኑ የሚታይ ጨርቅ፣ ከላይ የተለጠፈ ኪስ፣ ያለ ስፖንጅ ወይም በጣም ስስ ትከሻ፣ ቀንድ የሚመስል ቡናማ ቁልፍ፣ እጅጌው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ። የተለጠፈው ኪስ ከ16 እስከ 17 ሴንቲ ስፋት ሆኖ የታችኛው ጥጉ ክብ ይሁን። ከጀርባው በአፉ ግራና ቀኝ ቁራጭ ማጠንከሪያ ካልተደረገለት ስልክ በገባበት ቁጥር ይዘረጠጣል።

ጮቄ ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ መርፌ በእጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሚዜዎቼ የያዙት ፎቶ ላይ ላፔሉ 6 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ኮቱም አጭር ነው፣ የቁልፉ ቀዳዳ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ከእነሱ ጋር ልመሳሰል ወይስ አንቱ ያሉትን ልያዝ? ለቢሮው ደግሞ ባለ ካሬ ጨርቅ አግኝቻለሁ። የሱሪውንም ነገር ማንም አላነሣልኝም።

ዳሞት፦

ጋሼ እስኪመለሱ ስለ ካሬውና ስለ ሱሪው ልበል።

ካሬ ከሆነ 2 ሜትሩ አይበቃም፤ 2 ሜትር ከ40 ውሰድ። ካሬው በትልቁ የሚደጋገም ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ሰፊው ጨርቁን አጥፎ በአንዴ ሁለቱን ጎን ከቆረጠ መስመሩ ከሥር ይሸሻል። ወይ አንድ ንጣፍ ዘርግቶ ይቁረጥ፣ ወይ በየ10 ሴንቲው መስመር ከመስመር ገጥሞ በስፒል ያጣብቅ። ሊገጥም የሚገባውን ንገረው። የጀርባው መካከለኛ ስፌት ግራና ቀኝ፣ ኮሌታው ከጀርባው ጋር፣ ኪሱ ከሥሩ ካለው ጨርቅ ጋር፣ ሁለቱ ላፔሎች እርስ በርሳቸው። የእጅጌው አግድም መስመር ከፊት በኩል ከደረቱ መስመር ጋር ይገጥማል፤ ወደ ትከሻ ሲወጣ ግን ሊገጥም አይችልም። የእጅጌው አናት ከመግቢያው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሰፍቶ ተሰብስቦ ስለሚሰፋ መስመሩ ይዛነፋል፤ እሱን አትቆጣው። የተለጠፈው ኪስ ላይ መስመሩ ከተዛነፈ ግን ተቀበለኝ ቢልህ አትቀበል፤ እሱ በ20 ደቂቃ ተፈትቶ ይስተካከላል።

ሱሪው ከፍ ብሎ ወገብህ ላይ ይቀመጥ። ሰደርያ ስላለህ ይህ የግድ ነው፤ ሱሪው ዳሌ ላይ ከወረደ በሰደርያውና በሱሪው መካከል ነጭ ሸሚዝ ይታያል፣ የሙሽራ ፎቶ የሚያበላሸው እሱ ነው። ሰደርያው የሱሪውን ጠርዝ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ይሸፍን። ቀበቶ አታድርግበት፣ ዘለበቱ ከሰደርያው ሥር ይጎላል፤ በጎንና በጎኑ ማጥበቂያ ይደረግለት። በየጎኑ አንድ እጥፋት ቢኖረው ስትቀመጥ ይለቅልሃል፤ የሱሪው የካውያ መስመርም ከዚያ እጥፋት ይጀምር። የእግሩ አፍ ተዘርግቶ ሲለካ ከ18 እስከ 19 ሴንቲ፣ ከኋላ በኩል ከፊቱ 1 ሴንቲ ወርዶ ይዘምዘም። ከውስጥ 4 ሴንቲ ትርፍ ጨርቅ ይተው። መቀመጫው ስፌት ላይም በየጎኑ 3 ሴንቲ ይተውልህ፤ ሙሽራ ከሠርግ በኋላ ሲወፍር ሱሪው አብሮት እንዲሰፋ።

ስንጥቁ ላይ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ። ሁለት ስንጥቅ ያማረ ነው፣ ግን ሁለቱ እኩል ካልወረዱ ከሩቅ ያስታውቃል። የሰፊህን ሥራ አይተህ ሁለት ስንጥቅ ያለው ኮት ካላሳየህ አንድ አስደርግ።

መርፌ በእጅ፦

ዳሞት ስለ ስንጥቁ ያለው ትክክል ነው፤ ሠርቶ የማያውቀውን በሠርግ ልብስ አይለማመድ።

ስለ ሚዜዎቹ፦ ቀለሙን ተመሳሰሉ፣ ቅዱን ግን ተወው። 6 ሴንቲ ላፔል የ96 ደረትን ባዶ ያስመስለዋል፤ የክራባትህም ስፋት ከ8 ካለፈ ከላፔሉ ጋር ይጣላል። አጭሩ ኮት ደግሞ እስክስታ ሲመታ ከቀበቶ በላይ ይወጣል። ላፔሉ ትንሽ ቀነስ ይበል ካልህ 8 ላይ ቁም። በቀይ ክር የተሰፋው የቁልፍ ቀዳዳ ልብሱን የአንድ ቀን ያደርገዋል፤ አንተ ይህን ልብስ ለክርስትናም ለልቅሶም ትለብሰዋለህ። በጨርቁ ቀለም ይሰፋ። የግራው ላፔል ቀዳዳ ግን እውነተኛ ሆኖ ይከፈት፣ 2 ሴንቲ ይበቃዋል፤ ከጀርባው 4 ሴንቲ ዝቅ ብሎ የክር ቀለበት ይሠራለት። አበባው ግንዱ በቀዳዳው ገብቶ በቀለበቱ ይያዛል፣ በስፒል ሲወጋ የሚቀረው ጠባሳ አይኖርም።

ለሙከራ ሁለት ቀጠሮ ያዝ። የመጀመሪያው ኮቱ በነጭ ክር ተወስውሶ፣ ኪስ ሳይወጣለት፣ ኮሌታው ሳይጸና ነው። ሰፊው ከተሰፋ በኋላ ብቻ እንድትመጣ ከፈለገ እምቢ በለው። የሠርጉን ሸሚዝና ጫማ ለብሰህ ሂድ፤ መስታወት ፊት ደረትህን አትንፋ፣ እንደ ወትሮህ ቁም። ቁልፉ ሲዘጋ ከእሱ ወደ ጎን የሚሄድ የ«ኤክስ» ቅርጽ ሽብሽብ ካለ ወገቡ ጠቧል። ከኮሌታው ሥር ጀርባ ላይ አግድም እጥፋት ከተኛ ጀርባው ከላይ በኩል ረዝሟል፤ ኮሌታው ተፈትቶ እስከ 1 ሴንቲ ዝቅ ይደረጋል። ኮሌታው ከሸሚዝህ አንገት ከራቀ ደግሞ እሱን አሳጥሮ መግጠም ነው። እጅጌው ከክርን በላይ ከኋላ ከተጨማደደ የእጅጌው አቅጣጫ ከክንድህ አቋም ጋር አልገጠመም፤ እጅጌው ተፈትቶ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ክንድህ ወደሚያደላበት ይዙር። ይህን ሰፊው ካልነገርኸው አያደርገውም፣ ሥራው ብዙ ነውና። በዚሁ ቀን ቁጭ በል፣ ጎንበስ በል፣ ጋቢም ደርበህ እይ።

ሁለተኛው ሙከራ ከ10 ቀን በኋላ ይሁን፤ እዚያ የሚታየው የእጅጌና የሱሪ ርዝመት ብቻ ነው። ከገና በኋላ ሰፊ ቤቶች በሠርግ ልብስ ስለሚጨናነቁ የመጀመሪያውን ቀጠሮ በኅዳር አድርገው። የእጅጌው ቁልፍ ቀዳዳ የሚከፈተው ከዚህ ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ነው፤ ቀጠሮውን ስትይዝ ይህንኑ በደረሰኙ ላይ አስጽፈው።